የከርሰ ምድር ውሃን በኮምፒውተር ሞዴል መስራት፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተማሪዎች፣ የውሃ ባለሙያዎችና ጉድጓድ ያስቆፈሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ።

የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ምንድን ነው? በቀላል አማርኛ ይነገረኝ።

የውሃ ሂሳብ መዝገብ ነው። የፋሲልን መዋኛ አስቡት። ለጥምቀት ሲሞላ ውሃው ከቀሃ ወንዝ ይመጣል። ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደወጣና እንደተነነ ካወቃችሁ፣ ገንዳው ውስጥ ስንት እንደቀረ ሳታዩት ትናገራላችሁ። ሞዴልም የሚሰራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ገንዳው አንድ ሳይሆን ብዙ ሺህ መሆኑ ነው። ያውም በድንጋይ የተሞላ ገንዳ።

ሶፍትዌሩ መሬቱን በጎንም በጥልቀትም ሳጥን ሳጥን አድርጎ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ የውሃ ከፍታ አለው። ውሃው ከፍታው ከበለጠበት ሳጥን ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት የከፍታው ልዩነትና የድንጋዩ ውሃ የማሳለፍ አቅም ናቸው። ይህን ህግ ፈረንሳዊው መሃንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመው። ዲዦን ከተማ ውስጥ ውሃን አሸዋ በተሞላ ቱቦ እያሳለፈ ለክቶ ነው ያገኘው። ኮምፒውተሩ የሚጨምርበት ትዕግስት ብቻ ነው፤ ያንኑ ሂሳብ ለሺዎቹ ሳጥኖች አንድ ላይ ይሰራል።

ታዲያ የት ብቆፍር ውሃ እንደማገኝ ይነግረኛል?

አይነግርም። ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ ሊያስቆፍሩ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። መልሴ ቅር ያሰኛቸዋል። እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ስር ያለው ድንጋይ የተሰነጠቀ ይሁን ድፍን፣ ሞዴል ከራሱ አያውቅም። ያ የጂኦሎጂስት ስራ ነው። ወጥቶ ድንጋዩን ያያል፣ ስንጥቁን ይከተላል፣ ከዚያ መሬቱ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያሳልፍ በመሳሪያ ይለካል።

ሞዴል የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። እዚህ ሰፈር አስር ጉድጓድ ተቆፍሮ ቀን ከሌት ቢሳብ ከአምስት ዓመት በኋላ ውሃው የት ይወርዳል? ታች ያለው ምንጭ ይነጥፋል ወይ? «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ። ሞዴል መመጠኛው ነው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም? ይከፈልበታል?

ሞድፍሎው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሌላ ፍለጋ አትድከሙ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው መጀመሪያ ያወጣው። ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ቆይቶ ሞድፍሎው 6 የሚባለው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ነፃ ነው። ኮዱም ክፍት ነው። ሞድፍሎው ግን ራሱ መስኮትና ቁልፍ የለውም፤ የጽሁፍ ፋይል አንብቦ የጽሁፍ ፋይል የሚተፋ ሞተር ነው። በማውስ ለመስራት ሞዴልሚውዝ የሚባለውን ጫኑ። ያው መስሪያ ቤት ነው የሰራው፤ እሱም ነፃ ነው። በፓይተን ኮድ መጻፍ የምትችሉ ደግሞ ሞድፍሎውን በኮድ የምታዙበት ፍሎፓይ አለላችሁ።

የሚከፈልባቸውም አሉ። ጂኤምኤስና ቪዥዋል ሞድፍሎው ሞድፍሎውን ራሱን ባማረ መስኮት ጠቅልለው ነው የሚሸጡት። ፌፍሎው ግን የተለየ ሞተር ነው። መሬቱን በአራት ማዕዘን ሳጥን ፈንታ በሶስት ማዕዘን ስለሚከፋፍል ለጠማማ ወሰን ይመቻል። ዋጋቸው ግን ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም። ክራክ የተደረገውን ፍላሽ ላይ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አያለሁ። ነፃው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ለምን እንደሚሰረቅ አይገባኝም። ቫይረሱ ደግሞ ምርቃት ነው።

ላፕቶፔ ይችለዋል ወይ? ኢንተርኔትስ ይፈልጋል?

ይችለዋል። አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለመመረቂያ የሚሰራ፣ ሃምሳ ሺህ ሳጥን ያለው ሞዴል ጽሁፍ በሚጻፍበት ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል። መብራት እንደሚሄድ ግን አትርሱ፤ በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ።

ሂሳብና ፕሮግራሚንግ ሳልችል መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እንዲያውም በኤክሴል ጀምሩ እላለሁ። ሃያ በሃያ የሆነ ሰንጠረዥ ውሰዱ። ከላይ ጎንደር፣ ከታች ጣና ነው በሉ። የላይኛውን ረድፍ በሙሉ 2100 ሙሉበት። የታችኛውን 1786፤ የሀይቁ ከፍታ በሜትር እሱ ገደማ ነው። መሃል ያለው እያንዳንዱ ሳጥን «የአራቱ ጎረቤቶቼ አማካይ ነኝ» የሚል ቀመር ይኑረው። በግራና በቀኝ ጠርዝ ያለው ሳጥን አጠገቡ ያለውን ቁጥር ይገልብጥ፤ ያ ማለት በዚያ በኩል ውሃ አይገባም አይወጣም ማለት ነው። ከዚያ ኤክሴል ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ተደጋጋሚ ስሌትን ክፈቱለት። ቁጥሮቹ ትንሽ ይንቀጠቀጡና ይረጋሉ። የውሃ ከፍታ ካርታ ሰራችሁ።

አሁን መሃል ላይ ካሉት ሳጥኖች አንዱን ምረጡ። አራቱን ጎረቤቶች ደምሩ፣ ከድምሩ ላይ 40 ቀንሱ፣ ከዚያ ለአራት አካፍሉ። ፓምፕ ተከላችሁ ማለት ነው። ዙሪያው ያለው ከፍታ እንደ ፈንድሻ ሳህን ወደ መሃል ሲሰረጉድ ታያላችሁ። ሞድፍሎው ውስጡ ሲገለጥ ይኸው ነው። ልዩነቱ ድንጋዩ ከሳጥን ሳጥን እንዲለያይ፣ ጊዜም እንዲቆጠር ማድረጉ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ያጠፋ ተማሪ በኋላ ሁለት ወር ያተርፋል። ኤክሴሉን ዘሎ ቀጥታ ሞዴልሚውዝ የከፈተው ግን ቀለም ያሸበረቀ ካርታ ይዞ ይመጣና ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ዝም ይላል።

ለጎንደር አካባቢ ምን ዳታ ያስፈልገኛል? ከየትስ ይገኛል?

የመሬቱ ከፍታ ቀላሉ ነው። ኤስአርቲኤም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በመንኮራኩር ራዳር የተለካው ካርታ በ30 ሜትር ጥራት በነፃ ይወርዳል። የዝናብ መረጃ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ይጠየቃል። እስኪደርስ ድረስ ቺርፕስን አውርዱ፤ ከሳተላይትና ከዝናብ ጣቢያዎች ተቀላቅሎ የተሰራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። ካርታውን ለማዘጋጀት ኪውጂአይኤስ በቂ ነው፣ ነፃም ነው።

ራስ ምታቱ የጉድጓድ መረጃ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ መስሪያ ቤት የጉድጓድ ዝርዝር ተሰጠኝ። ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ግማሹ ኮኦርዲኔት የለውም። ቦታ በሚለው ዓምድ ስር «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ይላል። የትኛው ትምህርት ቤት? ኮኦርዲኔት ያለውም ቢሆን የውሃው ከፍታ በየትኛው ወር እንደተለካ አይልም። በግንቦትና በነሐሴ መካከል ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ብዙ ሜትር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የቻላችሁትን ያህል ራሳችሁ ሄዳችሁ ለኩ። ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ሜትር አለ። እሱ ከሌለ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረ ገመድም ይሰራል።

ስለ ኮኦርዲኔት ካነሳን የራሴን ጥፋት ልናገር። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ የመሬት ካርታዎች የተሰሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። ስልካችሁና ጂፒኤሱ የሚጠቀሙት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱን ሳላስማማ ከደባለቅሁ በመካከላቸው 200 ሜትር ገደማ ይጠፋል። እኔ ደባለቅኋቸው። ከወንዙ በስተምስራቅ ያሉት ጉድጓዶች በስተምዕራብ ሆኑ። ሶስት ሳምንት ሙሉ ውሃው ለምን ወደ ኋላ ይፈሳል እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ።

ሳተላይት የከርሰ ምድር ውሃ ያያል ይባላል። ለምን በእሱ አንሰራም?

ግሬስ የሚባሉት መንታ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የምድርን የስበት ለውጥ ይለኩ ነበር፤ ተተኪዎቻቸው በ2018 ወጥተዋል። የውሃ መቀነስና መጨመር ስበትን ትንሽ ስለሚለውጥ ይታያቸዋል። ነገር ግን የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ነው። የጣና ተፋሰስ በሙሉ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለእነሱ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። እንደ ጎንደሩ አዘዞ ላለ አንድ ሰፈር የሚሆን መልስ ከዚያ አይገኝም።

ጎንደር ጥቁር ድንጋይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሞድፍሎው የተሰራው ለአሸዋ አይደል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞድፍሎው እያንዳንዱን ሳጥን እንደ ስፖንጅ ነው የሚያየው፤ ውሃው በሳጥኑ ውስጥ እኩል ይሄዳል ብሎ ያስባል። የእኛ መሬት እንደዚያ አይደለም። ከስር ያለው በሚሊዮን ዓመታት እየተደራረበ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ድፍኑ ባዛልት ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ውሃው የሚሄደው በስንጥቁ፣ በበሰበሰው የላይኛው ክፍልና በሁለት ፍሰቶች መካከል ባለው ቀይ አሽ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በመሃል የድሮ አፈር ይገኛል። ላቫ ሲፈስበት እንደ ሸክላ የተጠበሰ ነው፤ ውሃውን እንደ ጣራ ይይዘዋል። ለዚህ ነው አንዱ በ60 ሜትር ውሃ ሲያገኝ፣ መንገድ ተሻግሮ ያለው 120 ሜትር ወርዶ ጠብ የማይልለት።

ታዲያ ይሰራል ወይ? እንደ ሳጥናችሁ ስፋት ነው። ሳጥኑ 500 ሜትር በ500 ሜትር ከሆነ በውስጡ ብዙ ስንጥቅ ስለሚኖር አማካዩ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ለመገጭ ወንዝ ተፋሰስ አጠቃላይ ሂሳብ ይህ ያስኬዳል። ለአንድ ግቢ ሲሆን ግን አማካይ የሚባል ነገር የለም፤ ስንጥቁ ወይ አለ ወይ የለም። ወደ ጣና ዳሩ ደምቢያ ሜዳ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ወንዝ ያመጣው አፈርና ደለል ስላለ ሞድፍሎው ቤቱ ነው።

የሞዴሉን ወሰን የት ላድርገው?

የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ወሰን ላይ አይደለም። ይህን የሚያደርጉ አሉ። ውሃ ቀበሌ አያውቅም። ወሰኑ ውሃው ራሱ የሚያውቀው ነገር ላይ ይሁን። በደቡብ ጣና አለላችሁ፤ ከፍታው የታወቀ ነው። ሞዴላችሁ በጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን የሀይቁን ከፍታ አንድ ቁጥር አድርጋችሁ አትተዉት። በክረምት መጨረሻ ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል፤ ባህር ዳር መውጫው ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብም ነገሩን ለውጦታል። በሰሜን የተራራው ውሃ መክፈያ መስመር ጥሩ ግምት ነው። ግምት ነው ያልኩት፣ ከላይ ያለው የውሃ መክፈያና ከስር ያለው ሁልጊዜ ስለማይገጣጠሙ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ልጠቁም። አንገረብ የሚባሉ ወንዞች ሁለት ናቸው። የአንገረብ ግድብ ያለበት፣ ከመገጭ ጋር ተገናኝቶ ወደ ጣና የሚወርደው ትንሹ ነው። ትልቁ አንገረብ ወደ ምዕራብ ሄዶ የአትባራ ገባር ይሆናል። የፍሰት ዳታ ስትጠይቁ የትኛው እንደሆነ አጣሩ። ሌላ ተፋሰስ ውስጥ ያለ ወንዝ ሞዴሉ ውስጥ ገብቶ አይቻለሁ።

ወንዞቹ ራሳቸውም ጣጣ አላቸው። ሞድፍሎው ውስጥ «ወንዝ» ብላችሁ ያስገባችሁት ነገር ውሃ የማያልቅበት ነው። ከስሩ ያለው ውሃ ዝቅ ሲል ወንዙ ያለ ስስት ወደ መሬት ይሰጣል። ቀሃን በየካቲት ሄዳችሁ እዩት፤ ለመስጠት ምን አለው? በበጋ ለሚቀጥን ጅረት «ቦይ» የሚለውን ተጠቀሙ። ቦይ ከመሬት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ወይም ደግሞ በወንዙ ውስጥ ያለውን ውሃ ራሱን የሚቆጥረውን፣ ኤስኤፍአር የሚባለውን ክፍል ተማሩ። ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።

ከዝናቡ ስንቱ ነው ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው?

ሁሉም የሚጣላበት ቁጥር ነው። ጎንደር በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ትዘንባለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ ላይ ጎርፉ ወንዝ ይገባል፣ ሰብሉና ዛፉ ይጠጣል፣ ፀሐይ ታተናለች። የቀረው ነው ወደ ታች የሚወርደው። እንበልና 10 በመቶው ወረደ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 110,000 ሜትር ኩብ በዓመት ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ለቀን ሲካፈል ግን 300 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ አንድ ፓምፕ ቀን ከሌት ቢሰራ በቀን 432 ሜትር ኩብ ይወስዳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ፓምፕ አልቻለም ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ያለ ሶፍትዌር፣ በካልኩሌተር ሰርታችሁ ለሚመለከተው ሰው ብታሳዩት ከብዙ ባለቀለም ካርታ በላይ ይናገራል።

10 በመቶ ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ አታስገቡ። አንዱ ርካሽ ዘዴ ክሎራይድ ነው። ዝናቡ ውስጥ ጥቂት ክሎራይድ አለ። ውሃው ሲተን ክሎራይዱ አይተንም፣ ስለዚህ የከርሰ ምድሩ ውሃ ውስጥ ይከማቻል። የጉድጓዱ ውሃ ከዝናቡ አስር እጥፍ ክሎራይድ ካለው፣ ከዝናቡ የሰረገው አንድ አስረኛው ገደማ ነው። ናሙናውን ግን ከከተማ ውጭ ውሰዱ። ከተማ ውስጥ የሽንት ቤት ክሎራይድ ተጨምሮበት ያሳስታችኋል። ለመላው አካባቢ አንድ ቁጥር መስጠትም ልክ አይደለም። የደምቢያ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ የመጀመሪያውን ዝናብ ይውጣል። ሲረጥብ ግን ያብጥና ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል።

ሌላው ጥፋቴ እዚህ ነው። በዓመት 0.11 ሜትር የሚለውን ለቀን ሳልቀይር አስገባሁት። 365 እጥፍ ዝናብ ማለት ነው። ውሃው ከፋሲል ግንብ ጫፍ በላይ ወጣ። ሶፍትዌሩ ምንም አላለም፤ በትክክል ጨርሻለሁ ብሎ ሪፖርት ሰጠኝ።

ሞዴሉ መልስ አልሰጥ አለኝ፤ «አልተስማማም» እያለ ይቆማል። ምን ላድርግ?

ከጎንደር እስከ ጣና መሬቱ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ቀጫጭን ንብርብር ካደረጋችሁ ከላይ ያሉት ሳጥኖች ይደርቃሉ። ሲደርቁ ይጠፋሉ፣ ሲጠፉ የጎረቤቱ ሂሳብ ይናጋል፣ ተመልሰው ይረጥባሉ፣ እንዲህ እያለ ይሽከረከራል። ሞድፍሎው 6 ውስጥ የኒውተንን ዘዴ ክፈቱ፤ የተሰራው ለዚሁ ነው። ካልሆነ ወደ አንድ ወፍራም ንብርብር ተመለሱ። ጊዜንም አውጡት፤ መጀመሪያ የማይለዋወጠውን ሁኔታ አስተካክሉ። ፓምፖቹን በሙሉ አጥፉና ይሰራ እንደሆነ እዩ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ።

መልስ ሲሰጥም ቶሎ አትደሰቱ። ውጤቱ ፋይል መጨረሻ ላይ የገባና የወጣ ውሃ ሂሳብ አለ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ካልሆነ ካርታውን ለማንም አታሳዩ።

የሞዴሌ ቁጥር ከተለካው የጉድጓድ ከፍታ ጋር ልክክ አለ። ጨረስኩ ማለት ነው?

ገና ነው። ካሊብሬሽን የሚባለው፣ የሞዴሉ ከፍታ ከተለካው እስኪገጥም ቁጥሮቹን መቀየር፣ ተንኮለኛ ነው። ድንጋዩ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን በእጥፍ አሳድጉት። የሚሰርገውንም ዝናብ በእጥፍ አሳድጉት። ፓምፕ በሌለበት የውሃው ከፍታ ንቅንቅ አይልም፤ ቅድም የገጠመው አሁንም ይገጥማል። ግን አንዱ ሞዴል በቀን 300 ሜትር ኩብ አላችሁ ይላል፣ ሌላው 600። የትኛውን ታምናላችሁ? ፔስት የሚባለው በራሱ ቁጥር የሚያስማማ ሶፍትዌር እንኳ ከዚህ አያወጣችሁም። እሱም ከሁለቱ አንዱን በፍጥነት ይሰጣችኋል እንጂ።

መውጫው የፍሰት ልኬት ነው። የሆነ ቦታ በእርግጥ የሚፈስ ውሃ በሊትር መታወቅ አለበት። ምንጭ ካለ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። በበጋ መሃል፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወንዙ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ደግሞ ከሞላ ጎደል የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ እሱንም ለኩ። አንድ የጄሪካን ልኬት ከሃምሳ ጉድጓድ ከፍታ የበለጠ የሚረዳበት ጊዜ አለ። የመመረቂያ ጽሁፍ ሲቀርብ ከእኔ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ፍሰት ለክተሃል? ለክተሻል?

ጎረቤቴ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ የእኔ የእጅ ጉድጓድ ደረቀ። ሞዴሉ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ያረጋግጥልኛል?

ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከንዴት ጋር ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። አሜሪካዊው ቻርልስ ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ቀመር፣ በቀን 432 ሜትር ኩብ የሚስብ ጉድጓድ ከመቶ ቀን በኋላ መቶ ሜትር ርቆ ያለውን ውሃ ምን ያህል ያወርዳል? ድንጋዩ ውሃ በደንብ የማያሳልፍ ከሆነ ከ10 ሜትር በላይ ሊያወርደው ይችላል። አስር እጥፍ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ያው ፓምፕ፣ ያው ርቀት ነው። ድንጋዩን ሳታውቁ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ደግሞ የእናንተ ጉድጓድ በበሰበሰው የላይኛው አፈር ውስጥ፣ የእሱ ከተጠበሰው ሸክላ በታች ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱ አይተዋወቁም፤ የእናንተ የደረቀው በጋው ስለረዘመ ሊሆን ይችላል። በመሃላቸው ያለው ሽፋን የተሰነጠቀ ከሆነ ወይም ጥልቁ ጉድጓድ ሲገነባ የላይኛው ክፍል በደንብ ካልታሸገ ግን ውሃችሁ በዚያ በኩል እየወረደ ነው። ሞዴል ሁለቱንም ታሪክ እኩል አሳምሮ ያወራል። ስለዚህ ከሞዴል በፊት ተስማምታችሁ ፈትኑት። ፓምፑ ሁለት ቀን ይቁም። የጉድጓዳችሁን ከፍታ በየሰዓቱ ጻፉ። ከዚያ ይነሳ፣ መጻፉ ይቀጥል። መስመሩ ፓምፑን ተከትሎ ከወረደና ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሽማግሌም ፍርድ ቤትም ከባለቀለም ካርታ ይልቅ ያንን ወረቀት ቶሎ ይረዳል።

የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓዴ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ሞዴሉ ያሰላልኛል?

ያሰላል፣ ግን እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሞድፓዝ የሚባለው ሶፍትዌር የውሃ ቅንጣት ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ ይከተላል፤ ኤምቲ3ዲ ደግሞ ብክለቱ ሲበረዝና ሲሰራጭ ያሳያል። ሁለቱም አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይፈልጋሉ። ይኸውም ውሃው በእርግጥ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ስንት በመቶ ነው የሚለው ነው። ክፍቱ 10 በመቶ ከሆነ ውሃው በዓመት 36 ሜትር ይጓዛል እንበል። በተሰነጠቀ ባዛልት ክፍቱ 1 በመቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ የፈሰሰው መጠን ሳይጨምር ፍጥነቱ አስር እጥፍ፣ በዓመት 360 ሜትር ይሆናል። 30 ሜትር ራቅ ብዬ ሰርቻለሁ ያለ ሰው በወር ውስጥ ሊደርስበት ይችላል።

ለመጠጥ የሚሆን ጉድጓድ ከሆነ በሞዴል ብቻ «ደህና ነው» አልልም። ውሃውን አስመርምሩ፤ በተለይ ክረምት መሃል።

ምንም ዳታ የለኝም። ጭራሽ አልጀምር?

ጀምሩ። እንዲያውም ዳታ የሌለው ሞዴል አንድ ጥሩ ጥቅም አለው፤ የት ሄዳችሁ መለካት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ሞዴሉን በግምት ቁጥር ሙሉት። ከዚያ አንዱን ግምት ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ውጤቱ የት ቦታ በጣም እንደሚለወጥ እዩ። ድንጋዩን ብትቀይሩ አዘዞ አካባቢ ያለው ከፍታ በ20 ሜትር ከተለወጠ፣ ደምቢያ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ካልሞላ፣ የመጀመሪያው የትራንስፖርት ብራችሁ ወደ አዘዞ ነው የሚወጣው።

እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ሁለት የእጅ ጉድጓድ መረጥኩ። የአንዱ ባለቤት እናት ናቸው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ገመዱን ራሳቸው ይጥሉና ቋጠሮውን ቆጥረው ይደውሉልኛል። ሲረሱ እኔ እደውላለሁ። «ዛሬ አስራ ሰባት ቋጠሮ ነው ልጄ» ይሉኛል። በሁለቱ ቋጠሮ መካከል ግማሽ ሜትር ነው።